ዘጠኝ ጊዜ «ይመስገን»

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ዋሽቼ መጣሁ።

ስድሳ ዓመት ያለፈን ሁሉ እንድንመረመር ተጠርተን ነበር። ግድግዳው ላይ «ጤናማ እርጅና፣ ረጅም ዕድሜ» ተብሎ ተጽፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ረጅም ዕድሜውን ማን ለመነ?

ሲስተር ትዕግስት ደም ግፊቴን ለካችና ደህና ነው አለች። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ትጠይቀኝ ጀመር። ገና ልጅ ናት፣ ትሁት ናት፣ «እናቴ» እያለች ነው የምትጠይቀው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ይመስገን። ምግብ ይበላልዎታል? ይመስገን። ይከፋዎታል? ተመስገን፣ ምን ይከፋኛል። ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀች፣ ዘጠኝ ጊዜ አመሰገንኩ፣ እሷም ዘጠኝ ጊዜ ምልክት አደረገች።

እንቅልፍ የለኝም። እህል አይጥመኝም። ግን ሰው እንዴት ነሽ ሲል ሌላ ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ካርዴን አውጥቼ አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። «የአእምሮ ጤና፦ ችግር የለም። ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ» ይላል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ወንድሜን ለትምህርት፣ እኔን ለጥጃ ነው የመደበን። ባሌ «ለአሮጊት ፊደል ምን ያደርጋል» እያለ ኖሮ ሞተ። በሞተ በዓመቱ የጎልማሶች ክፍል ገባሁ። እስከ ዛሬ ጸ እና ጰ ይምታቱብኛል። ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ሳነብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ፣ የወጣውም ከራሴ አፍ።

እንግዲህ ለስድስት ወር ማንም አይጠይቀኝም። ስድስት ወር እንዲህ ሆኜ የምዘልቅ አይመስለኝም።

እውነተኛውን መልስ እዚህ ልጻፈው፦

እንቅልፍ። ዶሮ ሳይጮህ እነቃለሁ። ከዚያ ጣሪያውን ሳይ ይነጋል።

ምግብ። ገለባ ገለባ ይለኛል። ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

ድካም። ውሃ ሳልቀዳ ውሃ የቀዳሁ ያህል።

ደስታ። በዚህ ወር ከደጃፌ ቆሜ ገብሱን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ ደሳለኝ ማሳውን ሁሉ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተከለበት፣ ለከሰል። ክፉ አላደረገም፣ ቤቱ የሚበላው ከዚያ ነው። እኔ ግን አሁን ከደጃፌ የሚታየኝ ዛፍ ብቻ ነው።

ቁጣ። ይህን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቅ ወረቀቱ አይበቃትም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አቦ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከቀረሁ ሦስት ወር ሆነኝ መሰለኝ።

ጎረቤቴ እታገኝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ ገባች። «አንቺ አትጠገብ፣ አቦ ምን ቢበድሉሽ ነው የቀረሽባቸው?» አለችኝ። ስሜን ያወጣልኝ ሰው አሁን ቢያየኝ ምን ይል ይሆን። ማን ነው እኔን አይቶ የማይጠግብ።

የጤና ጣቢያውን ነገር ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷም በዚያው ቀን ተመርምራ ኖሯል፤ ጉልበቷ አላስቆም ብሏት ሳለ ይመስገን ብላ፣ እያነከሰች ወጥታለች።

እኔና እሷ በአገውኛ ስናወራ የማንናገረው የለም። ጤና ጣቢያ ስንገባ በአማርኛ ነው። አማርኛችን ደግሞ የገበያና የሰላምታ ነው። በሰላምታ ውስጥ ሕመም አይነገርም። ሕመሙን መናገር ፈጣሪን ማማረር መስሎ ይሰማኛል አልኳት።

«ምስጋናውን ለእግዜር ስጪ፣ ሕመሙን ለሲስተሯ ንገሪ። ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም» አለችኝ። ቀጥላም በአፌ ካልወጣልኝ እንድጽፍላት መከረችኝ። ፊደል የቆጠርሽው ለመቼ ነው አለች። እሷ እንኳ ከእኔ ጋር ክፍል ገብታ «መ» ላይ ስትደርስ ነው ጥላ የወጣች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

መጥፎ ቀን።

ምራቴን ስንዱን ወጡ ጨው በዛበት ብዬ በልጇ ፊት ጮህኩባት። አልበዛም ነበር። እንዲያውም አልቀመስኩትም። ዝም አለችኝ። ዝም ስትል ይብስብኛል።

ወጥቼ ዛፎቹ ሥር ተቀመጥኩ። ነገ ባልነቃ ለማን እጎድላለሁ ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ብቻ አይደለም ያሰብኩት።

አሁን ጽፌው ሳነበው ደነገጥኩ። በሆዴ ሳለ እንዲህ አያስፈራም ነበር። ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶውን መልሼ አነሳሁ። አልሰረዝኩትም። ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሄድኩ። እታገኝ አብራኝ ሄደች፣ ባጃጅ ውስጥ ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ ያዝኩ።

ሲስተር ትዕግስት የለችም። ለክትባት ገጠር ወጥታለች፣ ሰኞ ትገባለች። በእሷ ቦታ ያለው ወጣት ምን ልርዳዎት አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወንበር ሁሉ ሳበልኝ።

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሰላም ልላት ነው» አልኩት።

አሥረኛው «ይመስገን» ሆነ።

እታገኝ እስከ ቤት ድረስ ድምፄን እያስመሰለች «ሰላም ልላት ነው» ስትል መጣች። በሌላ ቀን እስቅ ነበር። እኔን ያሳፈረኝ፣ ሲስተሯ የለችም ሲባል ደስ ማለቴ ነው። ደስ ያለኝ ነገር ከጠፋ ቆይቶ፣ የመጣውም ይህ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ስንዱ ለገበያ ድንች ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ የተበላሸውን መለየት ጀመርኩ። ይቅርታ ማለት አልችልበትም። ድንች መለየት እችላለሁ።

ቀና ሳትል፣ «እማ፣ ሌሊት ሲነቁ እኮ እሰማለሁ» አለችኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ተቆጥቼ ነው፣ ሌላ አነጋገር የለኝም።

«ጠዋት ስጠይቅዎት ይመስገን ይሉኛላ። ከዚያ በላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

እጄ ድንቹ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አትጠይቀኝም ብዬ አኩርፌባታለሁ። ለካ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር።

የሐሙሱን ነገርኳት። በደንብ አይደለም፣ ግማሽ ግማሹን። አላለቀሰችም፣ አልገሠጸችኝም። ገበያውን ተወችው። ከዛሬ ጀምሮ እሷና ልጇ እኔ ክፍል እንደሚያድሩ፣ ሰኞም አብራኝ እንደምትሄድ ነገረችኝ። አላስፈቀደችኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ እጣላት ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሁለት ድንች በላሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም። የልጅ ልጄ ስትተኛ ታንኮራፋለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሲስተር ትዕግስት ገና በሩ ላይ ስታየኝ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለች።

«ይመስገን» አልኩ። ወጣ በቃ። ስንዱ ከኋላዬ ጎኔን ነካችኝ። ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ የማክሰኞውን ገልጬ።

ድምፅ ሳታሰማ ነው የምታነበው። እኔ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ጎረቤት ይሰማል። እሷ የት እንደደረሰች እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። ገጽ ስትገልጥ ብቻ አያታለሁ። ሐሙስ ላይ ቆየች።

ይህን አሁንም ያስባሉ ወይ ብላ በግልጽ ጠየቀችኝ። ሳትፈራ፣ ስለ ጉልበቴ እንደምትጠይቅ። በአማርኛ ጀምሬ ተውኩት። ጥያቄውን በአገውኛ ደገመችው። የዳንግላ ሰው ናት፣ እናቷ አገውኛ ነው የሚናገሩት። ያን ሁሉ ጊዜ በአማርኛ ስንግባባ የነበርነው እኔ እሷን የከተማ ልጅ ብዬ፣ እሷ እኔን ለማክበር ኖሯል።

በአገውኛ ነገርኳት። ሁሉንም። ጥጃውን፣ ባሌን፣ ገብሱን፣ ጣሪያውን። እያለቀስኩ ሳለ በሩን የሚያንኳኳ ነበር፣ ቆዩ አለችው።

ዘጠኙን ጥያቄ እንደገና ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ልዩ ልዩ መልስ ሰጠሁ። በሽታ ነው አለችኝ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው፣ የሚታከም። እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር። እርጅና እንቅልፍን ሊያሳጥር ይችላል፣ ሰውን «ባልነቃ» አያሰኝም አለች። ሐሙስ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ጻፈችልኝ። ስንዱን ለብቻዋ አንዳንድ ነገር አስጠነቀቀቻት፣ ብቻዬን እንዳልሆን ጭምር። በየጠዋቱ ከእታገኝ ጋር ከዛፎቹ አልፌ አገር እስከሚታይበት ድረስ እንድሄድ አዘዘችኝ። ደብተሩንም እንዳልተው። በየሳምንቱ ታየዋለች።

ካርዴ ላይ «ችግር የለም» የሚለውን ሰረዘችው። ከሥሩ ሌላ ጻፈች። ባጃጅ ውስጥ አወጣሁት፣ «ድባቴ» ይላል። ቃሉን ከዚህ በፊት አላየሁትም፣ ግን ሳልሳሳት አነበብኩት። የማላውቀው ቃል እኔን ያውቀኛል።

ይድናል ወይ? አላውቅም። ሐኪሙ ምን ይለኝ ይሆን፣ ያን ሁሉ እንደገና ለወንድ ሐኪም መናገር ይኖርብኝ ይሆን። ደግሞ ደሳለኝ ከሰል ሊሸጥ ከሄደበት ስላልተመለሰ ገና አልሰማም።

ነገ ጠዋት ስንዱ «እማ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። ይመስገን እላለሁ፣ እሱን አልተውም። ከእሱ ቀጥዬ አንድ ነገር ልጨምር ብያለሁ። ምን እንደሆነ እስካሁን አልመጣልኝም።