የድሮው የጎርፍ መውረጃ

ይድረስ ለእህቴ ለለተሥላሴ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽን የኋላሸትንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ጥርሴ ከማለቁ በቀር ደህና ነኝ። የሚጽፍልኝ መምህር ናሁሰናይ ነው፤ ከራሱ እንዳይጨምር አስምዬዋለሁ።

እህቴ፣ ፈርቻለሁ። ወታደር ሳለሁ እንኳ ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽ አታውቂም።

ማሽላ የምናርስበት ለም ሸለቆ ለሁለት ወረዳ ሊከፈል ነው። ድንበሩ የጎርፉ መውረጃ ይሁን ተባለ። መውረጃውን ማን እየሄደበት ያሳይ ሲባል ግን የወዲህ ማዶው ጎሳ የወዲያ ማዶውን አላምን አለ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው «ጫኔ ይሂድበት፤ ደገኛ ነው፣ ጎሳ የለው፣ ለማን ያዳላል?» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዐይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

የዛሬ አራት ዓመት ጎርፉ ማሽላዬን ሊወስድብኝ ሲል፣ አፈር ከምሬ ውሃውን ወዲያ ማዶ አዞርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ውሃው የወዲያ ማዶዎቹን የነዐያንሌን እርሻ ሰንጥቆ አዲስ መንገድ ያዘ፤ እነሱም የአላህ ሥራ ነው ብለው ዝም አሉ። አሁን በአዲሱ መውረጃ ብሄድ፣ የመሬታቸው እኩሌታ ወደኛ ወረዳ ይገባል።

በድሮው ብሄድ ደግሞ የምከዳው ዴቅን ነው፤ የወዲህ ማዶውን ሽማግሌ። ባለፈው ክረምት በጅጅጋ ደገኛ ሲሳደድ፣ እኔንና ልጄን ቤዛን ጓዳው አስገብቶ «እንግዳዬን የሚነካ እኔን ገድሎ ይለፍ» ያለ ሰው ነው። ትናንት መጥቶ «ውሃው ዛሬ በሚወርድበት ነው የምትሄደው፣ አይደል ጫኔ?» አለኝ። ሻይ ጨመርኩለት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በሁለቱም ማዶ ጠመንጃ የሌለው ቤት የለም።

የፊታችን ሰኞ በድሮው መውረጃ እሄዳለሁ። ውሃውን ያዞርኩትም እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ። ሽሽ እንዳትይኝ። የሰው መሬት በውሸት ቆርጬ አልሞትም።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ቤዛ ናት። ምን እንደተጻፈበት አታውቅም፤ ፋሲካን ካንቺ ጋር ውላ የምትመለስ መስሏታል። ልመለስ ብትልሽ አሞኛል በይ፣ የፈለግሽውን በይ፣ ብቻ አትልቀቂያት። አጃ አትወድም፤ ሌላው ሁሉ ይስማማታል።

የኋላሸትን ሰላም በይልኝ። ትንሹን ጆሲን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

ወንድምሽ ጫኔ
ከአውበሬ ገጠር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.