ማኅተም የሌላቸው ሦስት መቶ መጻሕፍት፤ ስለ አባቴ ሎህ

ለክቡር አቶ ቢያድግልኝ አሻግሬ
የንጋት ሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ
መካነ ሰላም
ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው ወይ? ሰሞኑን ብዙ ያነባሉ ሲሉ ሰምቼ ዓይንዎ አሳስቦኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ከአባቴ ኩርፊያ በቀር የጎደለብን የለም።

እኔ ጠይባ ሃሩን እባላለሁ፤ ከሪያድ ተመልሼ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይና ብስኩት የምሸጥ የከተማዎ ነዋሪ ነኝ። ከአባቴ እጅ የወሰዱትን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ እንዲመልሱልን ደጅ ስጠናዎት፣ አስቀድሜ የዕቃውን ጥቅምና ጉዳት በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘውኝ ነበር። እነሆ ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ጽሑፌን በገዛ ንባብ ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም ለግልጽነት ሲባል ነው፤ ግልጽነት የመልካም አስተዳደር ምሰሶ መሆኑን በየስብሰባው እስክናዛጋ ድረስ ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ በአጭሩ ላስረዳ። ሪያድ ሳለሁ የአሠሪዬ ልጅ አዲስ ሲገዛላት አሮጌውን ማንበቢያ ሰጠችኝ፤ ደሴ ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ደግሞ ሦስት መቶ ያህል የአማርኛ መጻሕፍት ጫነልኝና ለአባቴ አበረከትሁላቸው። እሳቸው ዕቃውን ሎህ ይሉታል፤ ልጅ ሆነው ቁርኣን የቀሩበትን፣ ፊደል የለዩበትን የእንጨት ሰሌዳ ስለሚመስላቸው ነው። ከደስታው ብዛት ቤቱ ቢጠባቸው ጊዜ ይዘውት በደኅናው ዘመን ሲያነቡበት ወደኖሩት ወደ እርስዎ ንባብ ቤት ሄዱ፤ ከድሮው ወንበራቸውም ላይ ተቀምጠው አነበቡ። ሲወጡ የበር ጠባቂው ጋሽ ቸኮል እንደ ደንቡ ስንት መጽሐፍ እንደያዙ ጠየቋቸው። አባቴ ደግሞ፣ አላህ ያቆያቸው፣ ውሸት የሚባል አይሆንላቸውምና ሦስት መቶ ገደማ ሲሉ እቅጩን ተናገሩ።

ጋሽ ቸኮል ኮታቸውን ፈተሹ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ጥምጣማቸውን ሳይቀር አስፈቱ፤ አንዲት ቅጠል ወረቀት አልተገኘችም። ያን ጊዜ እርስዎ ደረሱና ማኅተም የሌለበት መጽሐፍ ከግቢው አይወጣም ሲሉ ፈረዱ። ቀጥለውም ክቡን ማኅተም በሎሁ ጀርባ ላይ፣ እንደ ቄራ ሥጋ፣ አሳረፉበት። አባቴ አመስግነው ሊወጡ ሲሉ ግን ማኅተም ያረፈበት ሁሉ የንባብ ቤቱ ንብረት ነው ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉት። ወላሂ ይህን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር ተስኖኝ የያዝሁትን ሻይ በአንድ ሾፌር ጭን ላይ ደፋሁት። ሾፌሩን እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ጥቅምና ጉዳቱ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ፊደል ያሳድጋል። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ከያዘው ወዲህ መጽሐፍ ማንበብ አቁመው ነበር። እኔ ላንብብልዎ ስላቸው፣ ሰው ያነበበልኝ መጽሐፍ ሰው ያኘከልኝ ቆሎ ነው እያሉ እምቢ ይሉኝ ነበር። በሎሁ ላይ ግን አንዱን ፊደል ባቄላ እስኪያህል አሳደግሁላቸው፤ አንድ መስመር በገዛ ዓይናቸው አነበቡና አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ጉዳቱ፣ ደስ ሲላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለሚያነቡ ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ወጣቸውን እያሳረሩ አጥር ሥር ይቆማሉ። ያረረውን ወጥ የሚበሉት ባለቤታቸውም እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም፤ እሳቸውም ታሪኩን ይከታተላሉና።

2ኛ/ ባትሪው መብራት እንግዳ በሆነበት አገራችን ለሳምንታት ይቆያል። ጉዳቱ፣ ያለቀ ዕለት ያለ ገመዱ ከድንጋይ አይሻልም። ይህችን ነጥብ እባክዎ ያስምሩባት።

3ኛ/ አይጥ አይበላውም፣ ሻጋታ አይነካውም። ጉዳቱ፣ ገጹ ተቀዶ በርበሬ አይጠቀለልበትም። ይህን ጉዳት የማነሣው ባለፈው የገበያ ቀን የገዛሁት በርበሬ የእርስዎ ክብ ማኅተም ባረፈበት ገጽ ተጠቅልሎ ስለደረሰኝ ነው። ለካስ ማኅተም ያለው መጽሐፍ ከግቢው የሚወጣው በዚህ መንገድ ኖሯል! ማብራሪያውን በተግባር ስላሳዩን ከልብ እናመሰግናለን።

4ኛ/ ቀጭን ነው። ጉዳቱም ቀጭን መሆኑ ነው፤ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዕቃውን እንዲያጠና በአንድ ለአምስት ያደራጁት ቡድን ጥናቱ በሂደት ላይ መሆኑን ደጋግሞ ነግሮኛል። የቡድኑን አባላት አንድ በአንድ ብጠይቅ ግን ሎሁን በዓይኑ ያየ አላገኘሁም። አምስቱ ሳያዩት አንዱ እንዴት ያጠናዋል ብዬ ስጨነቅ ነበር።

ጭንቀቴን ያቃለለልኝ የከተማችን ልጅ የብዙአየሁ ሠርግ ነው። አባቴ ሎሁ ሲወሰድባቸው አንድ ታሪክ ልቡ ላይ አድርሰው ነበር፤ ልጅቱ ወንድሟን ፍለጋ ወጥታ፣ የበሽሎ ወንዝ ሞልቶ፣ አንድ እግሯን ውኃው ውስጥ እንዳስገባች ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብላቸው እንኳ ትሻገር ይሆን ይላሉ። እናም በሠርጉ ዳስ ሥር፣ በሽማግሌዎቹ መካከል፣ እርስዎ ጠጅዎን ይዘው ልጅቱ እንዴት አድርጋ እንደተሻገረች በእጅዎ ጭምር እያሳዩ ሲተርኩ አባቴ ሁለት ጣታቸውን በሁለት ጆሯቸው ሻጡ። ዘግይተው ነበር። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ስስቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሳቄ ቆሟል፤ ተናድጃለሁ። የሰባ ዓመት ሰው በገዛ ዓይኑ ሊያየው የጓጓውን መሻገር ቀሙት።

ለጥናትዎ ትጋት፣ ለማኅተምዎ ድምቀት፣ ለትረካዎ ማማር ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ወንበርዎን አላህ ያጽናልዎ፣ መሳቢያዎን ግን ያላላልዎ እላለሁ።

እጅ በመንሣት፣ የበርበሬዎ ደንበኛ፣
ጠይባ ሃሩን

ግልባጭ፦
ለጋሽ ቸኮል (ፈትሸው ያሳልፉት)
ለእትዬ ይርገዱ (ከአጥር ሥር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጋሽ ቸኮል ሻይ ሊጠጡ መጥተው ሰላምታዎን አደረሱን፤ ለጥናቱ የሚሆን የባትሪ መሙያ ገመድ ቢኖረን እንድንልክም ጠየቁን። እርስዎ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምረው፣ ነጋዴውን የገደለው ሰው ሊታወቅ ጥቂት ሲቀረው ሎሁ ድርግም ብሎ ጠፋብዎ አሉ። አይዞዎት፣ ገመዱ ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ሎሁን ይዘው ከመጡ አባቴ ራሳቸው ያነቡልዎታል፤ ሻዩም በእኔ ነው። ካልመጡ ግን፣ አባቴ ያንን መጽሐፍ አስቀድመው ጨርሰውታልና በመጪው ገበያ ገዳዩን በድምፅ ማጉያ ያስነግራሉ። ለዛሬው ይህን ብቻ ልንገርዎ፤ እርስዎ የጠረጠሩት ሰውዬ አይደለም።