ራስ ምታት ነው ያልኩ ቀን

ላፍቶ፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጸሐይወርቅ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው "ለጤናሽ እንደምን ነሽ" ተብሎ ነው፤ አማርኛ አስተማሪያችን ያስተማሩን እንደዚያ ነው። እኔ ግን ጤናሽን መጠየቅ በነበረብኝ ጊዜ ስላልጠየቅኩሽ፣ አሁን ብጠይቅሽ ማላገጥ ይሆንብኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ከተለየሽን ዛሬ ሃያ ሰባት ቀን ሆነ። ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። አስተማሪ ሲያስረዳ ሰሌዳውን አያለሁ፣ ደወል ሲደወል ወጥቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ መሃሉን አላስታውሰውም። ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ያላየሽውን የቀብርሽን ቀን ልነግርሽ ነው። ደግሞም አንቺ ያየሽውን፣ እኔ ግን እንዳላየሁ የሆንኩትን ነገር ልናዘዝልሽ ነው።

የጀመረሽ ከመስቀል በኋላ ነው። መጀመሪያ ጸጉርሽን መሠራት ተውሽ። ከዚያ ጠዋት ለትምህርት ስንነሳ አንድ እግርሽን ጫማ አድርገሽ፣ ሌላውን በእጅሽ ይዘሽ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጪና እዚያው ትቀሪ ጀመር። እማዬ "ዓይን ነው" አለች፤ ከክፍል አንደኛ ስትወጪ ጎረቤቱ ሁሉ ስምሽን ሲያነሳ አልወደደችውም ነበር። ሦስት ሳምንት ጸበል አመላለሰችሽ። ሳታንገራግሪ ሄድሽ፣ በዚያ ብርድ ተጠመቅሽ፤ "ተሻለሽ ወይ?" ስትልሽም "ደህና ነኝ እማዬ" አልሻት። አባባ "አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ሰነፈች" አሉ። እኔ ደግሞ "አንቺ ተኝተሽ ስትውይ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ" ብዬ ተጣላሁሽ።

ኅዳር ላይ እማዬ ጉንፋን መስሏት መካኒሳ ክሊኒክ ወሰደችሽ። ረጅሟ ነርስ፣ ሲስተር ገዲሴ፣ እማዬን ውጪ አስቀርታ ከአንቺ ጋር ብቻዋን ብዙ ተቀመጠች። ምን እንደነገርሻት አላውቅም። ስትወጣ ለእማዬ፣ "ጉንፋን የለባትም። ልጅሽ ላይ ምክንያት የሌለው ኀዘን ተጭኗታል። በሽታ ነው፣ የሚያክመውም ሐኪም አለ። ሳትቆዩ ውሰዷት" ብላ ወረቀት ሰጠቻት።

በማግስቱ ምሳ ላይ እማዬ ወረቀቱን ለአባባ ሰጠቻቸው። አንቺ ጓዳ ነበርሽ፤ መጋረጃ ብቻ ነው የሚለየን፣ እንደሰማሽ አውቃለሁ።

"የት ነው የላከቻት?" አሉ አባባ።

"አማኑኤል ሆስፒታል" አለች እማዬ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባባ የጎረሱትን ማላመጥ አቆሙ። "አረጋሽ፣ እዚያ የገባችን ልጅ ነገ ማን ያገባታል? እኔስ በየትኛው ፊቴ ነው እድር ላይ ቆሜ ሰው የምዳኘው?"

"ታዲያ ልጄን ምን ላድርጋት?"

"ሐኪም ቤት አትሂድ አላልኩም። ግን በነፃ ለመታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ላይ ደግሞ በሽታው ይጻፋል። የሚጽፈው ተካ ነው። ተካ ያወቀውን ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም የማያውቀው የለም። ራሷን ነው ያመማት ይባል፣ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ። ጎበዝ ሐኪም እንደሆነ ሳይነግሩትም ካያት ያውቀዋል።"

የሲስተርን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ደብዳቤውን እንዳስጽፍ የተላክሁት እኔ ነኝ። በሽተኛ በአካል ይቅረብ ስለሚባል አንቺም አብረሽኝ መጣሽ። የቀበሌው ጸሐፊ፣ ጋሽ ተካ፣ ቢሮ ውስጥ "ጓድ" ካላሉት ቀና ብሎ እንደማያይ ታውቂያለሽ።

"የጋሽ ግዛው ልጆች" አለ በመስኮቱ። "ስኳር ፍለጋ ከሆነ አልመጣም።"

"የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ነው፣ ጓድ ተካ።"

"ለማን?"

"ለእህቴ።"

"ምን ሆነች?"

"ራስ ምታት ነው።"

"ራስ ምታትማ እኔም አለብኝ፤ እናንተን ሳስተናግድ እየዋልኩ። የሷ ከጥናት ነው ከፍቅር?"

ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። አንቺም ፈገግ አልሽ። ፈገግ ስትዪ ካየሁሽ ወር አልፎኝ ስለነበር እኔም ደስ አለኝ። ጻፈና ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበት።

የቀበሌውን አጥር እንዳለፍን፣ "ዳኜ፣ ራስ ምታት ነው እንዴ ያለብኝ?" አልሽኝ።

"አባባ ናቸው እንደዚያ በል ያሉኝ።"

"እሺ" አልሽ። "ራሴን ነው የሚያመኝ።"

አልተቆጣሽም። ቢያንስ ብትቆጪኝ ምን ነበር? ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ቢጠይቅሽ መልስሽ አንድ ሆነ። ለእማዬም፣ ለክፍል ጓደኞችሽም፣ ለጎረቤትም "ራሴን ነው"። ለሲስተር ገዲሴ ከፍተሽው የነበረውን አፍ እኔ መስኮት ላይ ዘጋሁት።

ሆስፒታል የወሰድኩሽም እኔ ነኝ፤ እማዬ ወገቧን አሟት ነበር። ውይይት ታክሲው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበታችን እየተነካካ ሄድን። ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ብዙ ሰው እየጠበቀው እንኳ አልቸኮለብንም።

"ምን ያምሻል?"

"ራሴን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመስቀል።"

ዓይንሽን በመብራት አየ፣ ደም ግፊትሽን ለካ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና፣ "ሌላ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?" አለሽ።

አንቺ እኔን አየሽኝ።

እታለም፣ ልናዘዝልሽ ያልኩት ይህንን ነው። ስታዪኝ አይቻለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሽኝ እንደነበርም ገብቶኛል። "ንገሪው" ማለት አያስፈልገኝም ነበር፤ ራሴን ብነቀንቅ ይበቃሽ ነበር። እኔ ግን ወለሉን አየሁ። አባባ ሐኪም ካያት ያውቀዋል ብለው ስለነበር ዶክተሩ እስኪያውቀው ነበር የምጠብቀው። ምን ያህል ጊዜ ወለሉን እንዳየሁ እንጃ። አንቺ "የለም" ስትዪ ሰማሁ። የራስ ምታት ኪኒን ጻፈልሽና ካርዱ ላይ እንደዚያው መዘገበ።

በጥር አጋማሽ በገዛ እጅሽ ተለየሽን። ስለዚያ ጠዋት አልጽፍም።

አባባ በእድር ዳኝነታቸው አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ቀብረዋል፤ ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት አይደረግም፣ አእምሮው ታውኮ ካልሆነ በቀር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፉ ሥር ተሰብስበን ቆምን፤ እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ጋሽ ተካም ሳይቀር። አንቺ ቤት ነበርሽ፤ ተፈቅዶ እስክትወጪ እማዬ አጠገብሽ ነበረች። ከኋላዬ አንድ ሰው "ዛሬ ደግሞ ዳኛው ተዳኘ" ሲል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

የንስሐ አባታችን መምሬ አባይነህ መጡ። "ግዛው" አሉ፣ "ይቺን ልጅ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። የደብሩ አለቃ ዘንድ ገብቼ እለምንላታለሁ። ግን ባዶ አፌን አልገባም። ሐኪም ምን አለ?"

አባባ የሆስፒታሉን ካርድ አወጡ። መምሬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ራስ ምታት ይላል።"

አባባ ካርዱን መልሰው ተቀበሉ።

"ሌላ የለም ወይ? ልጆቼ፣ ቤት ውስጥ ያየ የለም?"

እኔ ተናገርኩ። ማንም በስሜ ሳይጠራኝ ሰዉን አልፌ ቆሜ ተናገርኩ። ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ እንደምትቀሪ ነገርኳቸው። እህል አፈር አፈር እንደሚልሽ፣ ሰው ሲስቅ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማሽ፣ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ "ዳኜ፣ መንቃት ደከመኝ" እንዳልሽኝ ነገርኳቸው። በገና ሰሞን ኮምፓስሽንና አትላስሽን "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ውሰደው" ብለሽ ስትሰጪኝ ደስ ብሎኝ ስምሽን ሰርዤ ስሜን እንደጻፍኩበትም ነገርኳቸው። ክሊኒክ ያለችው ሲስተር ሕመሙን አውቃ የት እንደሚታከም ጽፋ እንደነበረም ነገርኳቸው። ራስ ምታት ነው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ስናገር ጋሽ ተካ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

ስጨርስ አባባ "ልጁ ያለው ሁሉ ልክ ነው" አሉ። ድምጻቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። "ልጄ ታማ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ።"

መምሬ አለቃው ዘንድ ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። ተፈቀደ። ፍትሐትሽ ተደረገ፣ በክርስትና ስምሽ ተጠራሽ፣ ግቢው ውስጥ አረፍሽ።

ሁሉም "ልጁ አስፈቀደላት" እያለ ራሴን ዳበሰኝ። አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው እብድ አላለሽም። ሴቶቹ "ምነው በነገራችሁን" እያሉ አለቀሱ። የተናገርኩት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ያንን አምስት ደቂቃ ለዶክተሩ ሰጥቼው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ አሁን አጠገቤ ሆነሽ ፊደልህ ጠማማ ነው ትዪኝ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ማሰብ ያቅተኛል።

አባባ የእድር ዳኝነቱን ለቀዋል። ከሥራ መልስ በር ላይ ይቀመጣሉ። እራት ሲቀርብ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አይበሉም።

በአሥረኛው ቀን ሲስተር ገዲሴ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ማንንም አልወቀሰችም። እስከ መንገድ ልሸኛት ወጣሁ።

"አንተስ እንዴት ነህ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ቆመች። "አልጠየቅኩህም እንበል። እንደገና ልጠይቅህ፤ እንዴት ነህ?"

"እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን አልችልም።"

"አትችልም" አለች፣ እንደምታውቀው ነገር። "ረቡዕ ከትምህርት ስትወጣ ክሊኒክ ና። የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ወንበር አለኝ፣ ትቀመጣለህ።"

ሁለት ረቡዕ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተናገርኩም፤ እሷም አልጎተጎተችኝም፣ ፋሻ እየጠቀለለች ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን "ዶክተሩ ሲጠይቃት" ብዬ ጀመርኩ። ጨርሼ መናገር ግን አልቻልኩም። "ይበቃል ለዛሬ" አለችኝ።

በሚመጣው ረቡዕ ካቃተኝ ይህን ደብዳቤ እሰጣታለሁ። ያንቺን ነገር ሳላስፈቅድሽ ለሌላ ሰው ስሰጥ ሁለተኛዬ ነው፤ ይቅር በይኝ። አንቺ እንዲያውቅልሽ የፈለግሽው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ዶክተር።

አይተሽው ያላየሽ ወንድምሽ፣
ዳኜ ግዛው