አልጣሽ በር ላይ የቆመው መኪና

ይድረስ ለእኅቴም ለእናቴም፣ ለእትዬ ካሣነሽ፤ አርባ ምንጭ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? በቆላው ሙቀት እያበጠ የሚያስቸግርሽ እግርሽስ ዘንድሮ ተሻለው ወይስ አሁንም በጨው ውኃ ትዘፈዝፊዋለሽ? ጋሼ ፍሥሐ እንደምን አሉ? ወገባቸውስ? ሰርካለም ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ የእስቴ ብርድ ከሚያንቀጠቅጠን በቀር ልጆቹም፣ አባታቸውም፣ እኔም፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት ዐውቄ ነው። ልቤ ደህና አልነበረም። ቴሌ ሄጄ እንዳልነግርሽ ደግሞ፣ እዚያ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ጋሼ ፍሥሐ እንዳይቀየሙን የምነግርሽ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ስትመጡ ለጣሰው ያመጡለት የዓሣ ማጥመጃ፣ ያ የሚታጠፈው ዘንግ፣ መንጠቆዎቹ፣ መረቡ፣ ከነአረንጓዴ ቦርሳው ተሰርቆ ነበር። ነበር ማለቴን ልብ በይልኝ።

ጣሰው ያን ዕቃ ካገኘ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የአሠሪውን ነጋዴ ፒካፕ ይዞ ለወገዳ ገበያ ዕቃ ያደርሳል፤ መንገዱን ጨርሶ እፎይ ሲል ወንዝ ወርዶ ያጠምዳል። ያገኘውን ይዞልን ይመጣ ነበር፤ እድላዊት እንኳ ያባቷን መኪና ድምፅ ስትሰማ መክተፊያውን አውጥታ ትጠብቀው ነበር። ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ግን ባዶ እጁን መምጣት ጀመረ። ለምን ስለው ዓሣው አልበላም አለኝ ይለኛል። እኔም ሞኟ አዝንለት ነበር። ሌላ ቦታ ሞክር፣ ውኃው ቀንሶ ይሆናል እያልኩ ምክር እሰጠው ነበር።

አንድ ቀን ፊቱ ዐመድ መስሎ ገባ። ዕቃው ተሰረቀ አለኝ። ወንዙ ዳር መኪናውን አቁሞ ወደ ላይኛው ማዶ ሲወጣ መስታወቱን ለነፋስ ዝቅ አድርጎት ነበርና፣ ሲመለስ ቦርሳው ከኋላ ወንበር ላይ የለም። እራቱንም በቅጡ አልበላም። ለዕቃ እንዲህ አይታዘንም፣ ጋሼ ፍሥሐ ሌላ ይልኩልሃል ብዬ እንደ ልጅ አባበልኩት።

በማግስቱ መሠረት መጣች። በርበሬ የምትነግደው ጎረቤቴ ናት፤ ከወገዳ ገበያ ቀርታ አታውቅም። በሩን ሳትዘጋ፣ ባልሽን ዘረፉት አይደል፣ ያኔ እዚያው ነበርኩ አለችኝ። ወንዝ ዳር ምን ታደርጊ ነበር አልኳት። የምን ወንዝ፣ መኪናው እኮ ከሚካኤል ግርጌ አልጣሽ በር ላይ ነበር የቆመው አለችና፣ ፊቴን ስታይ ደነገጠች።

አልጣሽን አታውቂያትም፤ አንቺ አገር ከለቀቅሽ በኋላ ነው እኔም ስሟን የሰማሁት። ጣሰው በልጅነቱ ወላጆቹ ያጋቡት ሚስቱ ናት። ሳይወልዱ ተፋቱ፤ እኔን ያወቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከተጋባን ወዲህ ስሟን አንሥቶት አያውቅም፤ እኔም የሞተች ያህል ረስቻት ነበር። ለካ በሯ ላይ መኪና ይቆማል።

እትዬ፣ ቅናት ሰውን እንዲህ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ምስር ስለቅም ጠጠሩን ትቼ ምስሩን እጥላለሁ። ሸሚዙን ሳጥብ አሸተትኩት፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። ዓሣውን ማን እንደበላው ግን ሸሚዝ አይናገርም። እሱን አልጠየቅሁትም። ከጠየቅሁት ይዋሸኛል፣ ከዋሸኝ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚለው ሁሉ አይታመነኝም ብዬ ፈራሁ። በዐይኔ ልይ አልኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነጋዴው ጣሰውን ደብረ ታቦር ላከው። እኔም ነጭ ሽንኩርት ልሸጥ ነው ብዬ ከመሠረት ጋር ወደ ወገዳ የሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ያን ባለ ጥልፉን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ጣሰው ለመስቀል የገዛልኝን ጫማም አደረግሁ። አቧራ ላይ ለመንከባለል እንዲህ መልበስሽ ምነው ብላ መሠረት ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታውቃለች፤ እኔ የምሄደው ለመታየት ነው።

የአልጣሽ ቤት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ናት፤ አጥሯ ዘሟል። ጎን ለጎን ያለችው የወንድሟ ሚስት ናት ውኃ የምትቀዳላት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጣሽ መደብ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ጫማዬ ላይ ቆየች።

«ግቢ፣ ሐረገ ወይን» አለችኝ።

በምን ዐወቅሽኝ አልኳት።

«በጫማሽ። ለመስቀል የገዛልሽ ጊዜ በዚህ ሲያልፍ አሳይቶኝ ነበር። ቀዩ ይሻላል ወይ ጥቁሩ ብሎ ሲያማክረኝ ጥቁሩን ያልኩት እኔ ነኝ።»

እግሬ ላይ ያለው ጫማ እሳት ሆነብኝ። ቀድማኝ አይታዋለች፤ እሷ መርጣልኝ እኔ ለብሼ ዞሬአለሁ። አውልቄ ብወረውረው በወደድኩ።

ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ። ጮኼባት፣ አዋርጃት እመለስ ነበር። ግን አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ደብረ ታቦር ወስደው ሆዷን ከከፈቷት ወዲህ ጉልበት የላትም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ሥጋና ወተት ብሏታል። ነፍስ አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበትም ለበሽተኛ ጾም የለበትም ብለው ቢለምኗት፣ ጾሜን አልፈታም ብላ አስቸገረቻቸው። በመጨረሻ ለዓሣ ብቻ እሺ አለች። ቄሱ ገበያ ላይ ጣሰውን አግኝተው ይህንኑ ቢያጫውቱት፣ ከዚያ ወዲህ ከወንዝ ያገኘውን ሁሉ እዚህ ያወርዳል። ይህን ሁሉ ያለ ምንም ሐፍረት ነገረችኝ።

«አብስላ የምታቀርብልኝ የወንድሜ ሚስት ናት» አለችኝ። «እጄ እሺ ስለማይለኝ እሾኹን የሚለቅምልኝ ግን እሱ ነው።»

እኔን ያቃጠለኝ እንግዲህ ይሄ ነው። ዓሣ ማምጣቱ አይደለም፤ ምጽዋት ነው ብዬ እችለው ነበር። እሾህ መልቀሙ ነው። እኔ ቤት ጣሰው ውኃ ጠምቶት እንኳ እንስራው አጠገብ ተቀምጦ እኔን ይጠራል። እድላዊትን ወልጄ የተኛሁ ጊዜ አጥሚቱን በር ላይ አስቀምጦ የሄደ ሰው ነው። ያ ጣት፣ ያ መሪ ሲጨብጥ የሚውል ሻካራ ጣት፣ ለሌላ ሴት የዓሣ እሾህ ሲለቅም ታየኝና ተነሣሁ። እግዜር ይማርሽ ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

በገበያው መኻል እንደ ዕውር ስሄድ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ፊት ቆምኩ። ቁርጥራጭ ብረት፣ ጀሪካን፣ ያረጀ ጫማ ዘርግቷል። ከዚያ ሁሉ መኻል አረንጓዴው ቦርሳ አለ፤ አንቺ ማንገቻው ላይ በነጭ ክር የሰፋሽው የጋሼ ፍሥሐ ስም ሳይቀር። ሰውየው ከማያውቀው መንገደኛ እንደገዛው ነገረኝ። መረቡን ለገለባ መሸከሚያ ይሆናል ብሎ ነው፤ ዘንጉን ግን ለምን እንደሚሆን አላወቀም፤ እንደ አንቴና ዘርግቶ አሳየኝ። የተሰረቀ ዕቃ ነው ብዬ አልተከራከርኩም። ሽንኩርቴን ከነከረጢቱ ሰጥቼው ቦርሳውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወሰድኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርኩም። ለመሠረትም አላሳየኋት። ቤት ስደርስ ቦርሳውን ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ መሰለሽ። ጣሰው ዕቃ አራግፎ በጊዜ ይገባል። የላላውን በር ጠገነ፣ ከልጆቹ ጋር ገበጣ ተጫወተ። እኔ በጎታው ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ሞቅ ይለዋል። ባሌን ጎታ ውስጥ የቀበርኩት ያህል የኔ ብቻ መሰለኝ። መሠረት ከገበያ ስትመለስ አልጣሽ መነሣት እንዳቃታት፣ ከተልባ በቀር ምንም እንደማትቀምስ ነገረችኝ። ምን ላድርጋት፣ እኔ አላሳመምኳት አልኩ። እንዲህ ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ፣ እትዬ። አትፍረጂብኝ አልልሽም፤ ፍረጂብኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጣሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሽቦ በጉጠት ያጣምማል። መንጠቆ ሊሠራ ነው። ያጣመመው ሁሉ ይላላበታል፣ እንደገና ይጀምራል። አውራ ጣቱ ደምቷል። ልጆቹ ይስቁበታል፤ እሱ ቀና አላለም። ቆሜ አየሁት፤ በርኅራኄ እንዳይመስልሽ፣ በቅናት ነው። ለእኔ ጣቱ ደምቶ ያውቃል?

ልጆቹን ወደ ጓሮ ላክኋቸውና፣ አልጣሽን አይቻታለሁ አልኩት። ጉጠቱን አስቀመጠ። አልካደም።

«ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?» አለኝ።

«አልፈቅድልህም» አልኩት። እውነቴን ነዋ።

የደማ አውራ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ፣ «ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። ዓሣ ስለወሰድኩላት ግን ይቅር በይኝ አልልሽም» አለኝ።

ይህን ቃል እሱ ለእኔ ሲል ለሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እንዴት በኮራሁ። ለሷ ሲል ለእኔ አለው። ግን ደግሞ ዋሽቶ ሊያባብለኝ ሲችል አላባበለኝም። በሽተኛ ትቶ ከእኔ ጋር ገበጣ የሚጫወት ሰው ቢሆን፣ ነገ እኔ ስወድቅ ማን ያነሣኛል? ይህን እያሰብኩ ጎታው ዘንድ ሄጄ ገብሱን ዛቅሁና ቦርሳውን አምጥቼ እግሩ ሥር ጣልኩት። ከየት አመጣሽው አለ። ገበያ ላይ አልኩት። መቼ ብሎ አልጠየቀኝም። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ አወጣና ገብሱን እፍ እፍ እያለ አራገፈላቸው። ገብሱን አይቶ ዝም ማለቱን መቼም አልረሳለትም።

ከእንግዲህ ዓሣውን የምሠራውም የማበላትም እኔ ነኝ፤ አለዚያ ዘንጉን እሰብረዋለሁ አልኩት። እሺ አለ።

በገበያው ቀን አብሬው ሄድኩ። ወንዙ ዳር መኪናውን አቆመና አጠመደ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቅርፊቱን ፋቅሁ። የሚካኤል ግርጌ ስንደርስ ጣሰው የመኪናውን በር ከፍቶ ሊወርድ ሲል፣ አንተ እዚሁ ሁን፣ ዕቃህን ጠብቅ አልኩት። መስታወቱን ዘግቼ ቆልፌው ልግባ አለኝ። ባለፈው ምን እንደሆንክ ረሳኸው ወይ አልኩት። መሪውን እንደያዘ ቀረ።

አልጣሽን ከመደቡ ቀና አደረግኋት፤ ክብደቷ የልጅ ነው። ዓሣውን አልጫ አድርጌ ሠራሁት። እሾኹን ስለቅም ለካ አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ጠጉር የቀጠነ አለው፤ ከሥጋው ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል። አንድም እንዳይቀር ደጋግሜ በጣቴ ዳበስኩት። እሱ ለቅሞላት ሳያንቃት በእኔ እጅ ቢያንቃት እንዴት አድርጌ ሰው ፊት እቆማለሁ? እየጎረሰች ዐይኗን ወደ በሩ ላከችው። ከአጥሩ ውጭ የመኪናው አፍንጫ ይታያል።

«ጣሰው አይገባም?» አለችኝ።

«ዕቃ እየጠበቀ ነው» አልኳት። «ሰፈራችሁ ሌባ በዝቷል።»

አልጣሽ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ሆዷ ተንቀጠቀጠ፤ የተሰፋው ቦታ እያመማት፣ እጇን ሆዷ ላይ ጭና ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቃችንን ሲሰማ ጣሰው የመኪናውን በር ከፈተ፤ እኔም ተነሥቼ የቤቱን በር ዘጋሁና ተመልሼ እሾህ መልቀሜን ቀጠልኩ።

ጋሼ ፍሥሐን ዕቃው እንዳለ ንገሪልኝ፤ የቀረውን ለራስሽ አድርጊው። እግራቸውን ስሜአለሁ። ሰርካለምን እንደ እናት ዐይኖቿን ስሜያታለሁ፤ እድላዊት ከእሷ ጋር በአንድ ሳሕን እንደምትበላ በሕልሟ አይታ ነግራኛለች። ያቺን ከማዶ ሆና ጨው የምታበድርሽን ጎረቤትሽንም በስሜ ሰላም በያት። ጣሰው አክብሮ እጅ ነሥቷል፤ ይኼን ሲጻፍ አላየም። ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ። አንቺን ደግሞ እኔ፣ ያቺ ተሸክመሽ ያሳደግሻት፣ በናፍቆት አንገትሽን አቅፌ ስሜሻለሁ። ለልደት ፈጣሪ በጤና ያድርሰን።

ታናሽ እኅትሽ ሐረገ ወይን

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.