የሂርጳ መኪና ለምን እንደቆመች

ጥር 17 ቀን 1993 ዓ.ም.
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የማጂ ብርድና ጭቃ፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ እንዴት ይዞሻል? የወባው ጊዜስ አለፈላችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ዛሬ ውሸት ላለመጻፍ ምዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ስለዚህ ደህና አይደለሁም። እጄ የግሪስ እጅ ነው፤ ወረቀቱን ካቆሸሽኩት ይቅር በይኝ። ሳትጨርሺው ግን አትቅደጂው።

ነገሩ ስለ ሂርጳ ነው። ስሙን እንዳትጠራብኝ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ አውቃለሁ። ልጠራው ነው።

ያቺን አሮጌ ላንድክሩዘር ከጨረታ ያወጣት ጊዜ ትዝ ይልሻል። ገና ቀለበት ማሰራችሁ ነበር፤ ለሠርጋችን እሷኑ አስጌጣታለሁ እያለ ሲያስቅሽ ነበር። መካኒኳ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው አልነካትም። ሜዳ ላይ አንበሳ ነበረች፤ ከመገናኛ ወደዚህ ስትመጣ የሚቀድማት አልነበረም። እንጦጦ አባባ ዘንድ ለመሄድ ሽቅብ ስንል ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ብትሰጫት አትሰማም፣ ትንፋሿ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቀጥ። እሱም ሁልጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለት ቀን ሰላም ትወጣና በሦስተኛው ትገተራለች። መካኒክ የሚያሳብደው እንዲህ ያለው በሽታ ነው፤ ጋራዥ ስትገባ ጤነኛ ናት፣ ምኗን ትይዢያለሽ? የናፍጣውን ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የአየሩንም ቀየርኩ። አየር ስባ እንደሆነ ብዬ መስመሩን በሙሉ አስተነፈስኩ። ፖምፓዋን ፈትቼ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩ፤ ምንም የለውም፣ ጊዜህን አታቃጥል ብለው መለሱልኝ።

አንድ ቀን አባባም አብሮን እያለ ዳገቱ ላይ ቆመች። አባባ ከራጉኤል ያመጣውን ጠበል በጠርሙስ ይዞ ነበርና ኮፈኗን ረጫት፣ ጸሎቱን አደረሰ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተን ብናስነሳት ሽቅብ ተፈተለከች! ደስታውን አትጠይቂኝ፤ አንተ ጴንጤ፣ አየህ ወይ እያለ ቤቱ እስክንደርስ ቀለደብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ አይደለሁ? በሌላው ጊዜ ስትቆም እጄን ጭኜ በኢየሱስ ስም ጸለይኩላት፤ ቆየት ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ እሱ ራጉኤል ነው ሲል፣ እኔ ጌታ ነው ስል፣ ስንሟገት ከረምን። ሂርጳ ብቻ በመሐል እየሳቀ፣ ለእኔስ ዕረፍቱ ነው የሚያድናት የሚመስለኝ ይል ነበር። ማን ይስማው! እኔማ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ጌታ የናፍጣ ሞተርም ይፈውሳል ብዬ መሰከርኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሃሌ ሉያ የተባለለትን ሞተር ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይፈታል?

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት፣ በሚያዝያ፣ የነዳጅ ታንከሯን ክዳን የጣልኩት እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳይገባባት ፌስታል ጠቅልዬ ወተፍኩባትና በላዩ ጨርቅ ጨመርኩ። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ክዳን እስኪገኝ በፌስታል የሚሄድ መኪና ስንት አለ! አዲሱ ክዳን ተገዝቶ ሲመጣ ጨርቁ አለ፣ ፌስታሉ የለም። ሂርጳ ፌስታሉ የት ሄደ ቢለኝ ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩት። ከላይ ያለውን ጨርቅ ትቶ ከሥሩ ፌስታል የሚወስድ ነፋስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እሱም ልቡ አላመነም። ታንከሩን አውርደን እንየው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም በጥርጣሬህ ነው የምታስቸግረን ብዬ ገሠጽኩት።

የሰኔው ቀን እንዲህ ነበር። የአባባ ጎረቤት እማማ ወለተጊዮርጊስ ጠዋት ሰው ልከው፣ አባታችሁ ደረቱን ይዞታል፣ መተንፈስ አቅቶታል፣ ሐኪም ቤት አድርሱት አሉን። ሂርጳና እኔ በረርን። ዳገቱን እንደ ጀመርን ቆመች። ሂርጳ ወዲያው ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጀሪካንና ላስቲክ ቱቦ አወጣ፤ ታንከሩን ትተን ናፍጣውን ከጀሪካን በቀጥታ እናጠጣት፣ ያኔ ወይ ትሄዳለች ወይ በሽታዋ ይታወቃል አለኝ። ትክክል ነበር፤ የሁለት ብሎን ሥራ ነው። እኔ ግን እምነት ይኑርህ ብዬ ጀሪካኑን ከእጁ ነጠቅኩት። ከእጁ ነጠቅኩት፣ እታለም! እጄን ጭኜ ጸለይኩ፤ ቆይታ ተነሣች፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። አራት ጊዜ። በእግራችን ብንሮጥ እንኳ እንቀድም ነበር። ስንደርስ እማማ ወለተጊዮርጊስን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

የቀረውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያኔ ገና ማጂ አልተመደብሽም ነበርና ለሳልስቱ ደርሰሽ ድንኳኑ ውስጥ ነበርሽ። ምን ነክቷችሁ ነው እንዲያ የዘገያችሁት ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁኝ፣ መኪናህን አምጣና ልፍታት እያልኩ ስለምነው ሰነፈ አልኩ። በዚህ አፌ። ሂርጳ ከፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ፤ የለቅሶ ቤት ነው ብሎ ተወልኝ። በማግስቱ ቀለበቱን በእኔ በኩል መለስሽለት።

ከአርባው በኋላ ታንከሩን አወረድነው፤ የእጅ ባትሪውን ያበራልኝ እሱ ነው። ፌስታሉ ናፍጣ ጠጥቶ ልስልስ ብሎ መምጠጫው ቱቦ አጠገብ ተጋድሟል። ሞተሩ ዳገት ላይ አብዝቶ ሲስብ ፌስታሉ ሄዶ የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቀዋል፤ በቃ ይኸው ነው። እግዚአብሔርን አላማሁትም፤ እሱ ጀሪካኑን ከማንም እጅ አልነጠቀም።

ሂርጳ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ በወደድኩ። እኔ ብነግራት ለራሱ ሲል ነው ትላለች፤ አንተ ጻፍላት ብቻ አለኝ። እሺ አልኩት። በወሩ መጥቶ ጻፍክላት ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። መልስ መጣ? አልመጣም። እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ፤ ቀለበቱን እስካለፈው መስከረም ድረስ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። በመጨረሻ እውነቱን አውቃም አልፈለገችኝም ማለት ነው አለ። ያኔስ አልጻፍኩላትም ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? ልቧ ድንጋይ ነው፣ እርምህን አውጣ አልኩት። ስለ አንቺ ነው ይህን ያልኩት።

ለምን ብትዪኝ፣ የመሰከርኩበት መድረክ አለ፤ አሁን ጭራሽ የኅብረቱ መሪ አድርገውኛል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን አንቺን ፈራሁ። ከአባባ ወዲያ ወገን የምለው አንቺን ብቻ ነው፤ አባቴን ገደልክ እንዳትዪኝ ፈራሁ።

ሂርጳ በኅዳር ሽማግሌ ላከ። ልጅቷ ፌበን ትባላለች፣ የኮተቤ ልጅ ናት፤ ክፉ አይወጣኝም፣ ደህና ልጅ ናት። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ።

ጤና ጣቢያችን ስልክ ገባለት ብለሽ ቁጥሩን ከላክሽልኝ ስምንት ወር ሆነው። ትናንት ቁጥሩን ይዤ ስልክ ቤት ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ሠራተኛዋ ወዴት ነው ስትለኝ፣ ተሳስቼ ነው ብዬ ወጣሁ። ይህን ደብዳቤ ነገ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ማጂ ለመድረስ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። ለእኔ መጸለዩን ተዪው።

እንዲህ ብሎ መፈረም ከተፈቀደልኝ፣
ወንድምሽ