ሞራግ ፍርሃቷን የጻፈችበት ጠዋት

ኢሶቤልዬ፣

ኬፕ ብሬተን ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሞራግ አሣ አጥማጅ ናት። በሃምሳ ዓመቷ የጀልባ ሞተር ጥገና በኢንተርኔት ትማራለች። ሁለት ጊዜ፣ ፈተናው ኮምፒውተሯ ላይ ሲከፈት የምታውቀው ሁሉ ብን ብሎ ጠፍቶባት ወድቃለች። የዛሬው የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

ጠዋት መምህሯ በስክሪኑ ብቅ ብላ ተፈታኞቹን፣ «ፍርሃት ሲይዘን አእምሯችን ለማሰብ ቦታ ያጣል። መጀመሪያ የምትፈሩትን ጻፉት፤ ከዚያ ትንፋሻችሁን በዝግታ አስረዝማችሁ አውጡ» አለቻቸው። ሞራግ አቀርቅራ ስትጽፍ ባሏ አንገስ ገባ።

«ኑዛዜ ነው እንዴ? ጀልባዋን ለእኔ አድርጊያት!»

«የምፈራውን ነው የምጽፈው፤ አንተን ሦስተኛ ላይ አስገብቼሃለሁ!»

እየሳቀች ወረቀቱን አጠፈች፤ በረጅሙ ተነፈሰችና ጀመረች።

ከምሳ በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ሰማንያ አንድ! በካልሲዋ ወደ ወደቡ ሮጣ «አለፍኩ!» ብላ ስትጮኽ አጥማጆቹ የየጀልባቸውን ጡሩምባ አንባረቁላት። በደስታ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

እኛ ግን እዚያ ሃሊፋክስ በኢንተርኔት ስናስተምር «ካሜራ ክፈቱ! ሰዓት አለቀ!» እያልን ነው ተማሪዎቻችንን የምናስጨንቀው። ማክሰኞ ክፍላችንን እንደዚህች መምህር እንጀምረው፣ እሺ?

እናትሽን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ቦታ ስላለቀበት የአንቺን መሳም ጠርዙ ላይ ነው የምጽፍልሽ።

ካትሪዮና