ሳልቆርጥ የደረሰኝ ሎተሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ፀጉር ቤታችን የመጣው ስድስት ራስ ብቻ። ሁለት ቢጉዲ፣ ሦስት ፎን፣ አንድ ቀለም። ሰኞ መቼም ሰኞ ነው።

ታላቅ እህቴ እቴቴ የአንዷን ደንበኛ የግንባር ፀጉር አጣማ ቆረጠችው። በግራ በኩል ቅንድብ ላይ፣ በቀኝ በኩል ጆሮ ጋ። «የዘንድሮ ፋሽን ነው» አልኳት ሴትየዋን። አምናኝ ሄደች፣ እግዜር ይስጣት።

የእቴቴ ዓይን እየባሰበት ነው። ሞራ ነው ብላለች ሐኪሟ፤ ለኅዳር 9 ቀጠሮ ይዘንላታል። የቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ቁም ሣጥን ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምነው፣ ከእሷም ከእኔም ወንበር። «እስከዚያ መቀስ አትያዢ» ብላት፣ «መቀስ ያስያዝኩሽ እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጉድ! ጉድ! ሎተሪ ደርሶኛል!

ስልኩን የሸጠልኝ ሰውዬ የከፈተልኝ ኢሜይል አለኝ። በወር አንዴ የፀጉር ቀለም አከፋፋዩ ማስታወቂያ ይልክበታል፤ ከእሱ ሌላ የሚያስታውሰኝ የለም። ዛሬ ብከፍተው፣ «ውድ አሸናፊ! እንኳን ደስ አለዎት!» የዜሮውን ብዛት ሁለቴ ቆጠርኩት፣ ሁለቴም የተለያየ ቁጥር ወጣልኝ።

ግን እኮ ሎተሪ ቆርጬ አላውቅም... ሳይቆርጡ ይደርሳል እንዴ? ለእሱም መልስ አላቸው። ኮምፒውተር ነው የሰውን ኢሜይል በዕጣ የሚያወጣው ይላሉ። እንግዲህ ኮምፒውተር ካለ እኔ ማን ነኝ?

ከታች በቀይ ቀለም ደግሞ፦ ለማንም አይንገሩ፤ ለቤተሰብም ቢሆን።

ለእኔ! ወሬ ሆዴ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ ለማያውቀው ለእኔ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ኢሜይሉን ለጻፈው ሰው ስሜን፣ ስልኬን፣ የመታወቂያዬን ፎቶ ላክሁለት። በአሥር ደቂቃ መለሰ። እንዲህ ያለ ፈጣን መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ከፊርማው ሥር «ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ የሕግ አማካሪ» ይላል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ተማረው? ሚስት የለውም መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የማስተላለፊያ ክፍያ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልከፈልኩ ሽልማቱ ለሌላ ሰው ይዛወራል። ክፍያው የእቴቴን ቆርቆሮ ግማሽ ያህላል...

«ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለችኝ።

«ጉሮሮዬን አሞኝ።»

«ጉሮሮሽን አሞሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ብልጥ ነኝ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ክፍያውን ከሽልማቱ ላይ ቆርጣችሁ የተረፈውን ላኩልኝ።» ሕጉ አይፈቅድም አለኝ። እሺ፣ ሕግ ሕግ ነው። ሀብታም ልትሆን አንድ ቀን የቀራት ሴት ከሕግ ጋር አትሟገትም።

እቴቴ ሱቅ ስትወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ግማሹን ወሰድኩ። አልሰረቅሁም! ለአንድ ሳምንት ነው። እጥፍ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ለሁለቱም ዓይኗ፣ ከፈለገች ለሦስተኛም። ታዲያ በሩን ለምን ቆለፍኩ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የዛሬውን ከየት ልጀምረው...

ገንዘቡ በፖስታ ሆኖ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሮጥ ብዬ ልልክ። ዓርብ ነውና ሳሎኑ ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ቀለም ተቀብታ ትጠብቃለች። እቴቴ ፀጉር ታጥባለች፤ እሱ እንኳ ዓይን አይፈልግም። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት ቢጉዲ ተጠቅልለው ካስክ ሥር ፀጉራቸውን ያደርቃሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል፣ ግማሹን ቆንጥጠዋል። እኔ ከሁለቱም ግማሽ ውስጥ አለሁበት።

ሦስት ቀን የያዝኩት ምስጢር ሆዴን ነፋው። ለማን ልተንፍስ? ቲቸር ካስክ ሥር ናቸው፣ ጆሯቸው ላይ ሞተር ያጓራል። ለማይሰማ ሰው መንገር ደግሞ መንገር አይባልም። ጎንበስ አልኩና፣

«ቲቸር፣ ሎተሪ ደርሶኛል።»

«ምን?»

«ሎተሪ!»

«አይሰማም፣ ጮክ በይ!»

«ሎተሪ ደርሶኛል! ክፍያውን አሁን ልልክ ነው!»

ይሄኔ የካስኩ ሰዓት ሞላና ጢን ብሎ ሞተሩ ቆመ። የእኔ ጩኸት ብቻ ሳሎኑን ሞላው። እቴቴ ውሃውን ዘጋች። ልብስ ሰፊዋ መጽሔቷን ጣለች።

ቲቸር ራሳቸውን ከካስኩ አወጡ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከሙቀቱ መስሎኝ ነበር።

«በኢሜይል ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ለማንም አትንገሪ ብሎሻል?»

«አዎ... እንዴት አወቁ?»

«የአሸናፊነት ቁጥርሽን አንብቢልኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። ሰባት፣ ሦስት፣ ሦስት ብዬ ስጀምር የቀሩትን ስድስት ቁጥሮች እሳቸው ጨረሱልኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድም ሳይስቱ።

«የእኔም ቁጥር ነው» አሉ። «ሁለቴ ከፍያለሁ። መጀመሪያ ለማስተላለፊያ፣ ከዚያ ለግብር። ትናንት ደግሞ ለኢንሹራንስ ጠየቀኝ።»

ቲቸር! በሳንቲም ጉድለት ባለሱቁን እንደገና የሚያስቆጥሩት ቲቸር!

«ሠላሳ አራት ዓመት መቀነስ አስተምሬያለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሚሰጥሽ ሰው ክፍያ ቢኖርበት ከሚሰጥሽ ላይ ይቀንሳል እንጂ ከኪስሽ አውጪ አይልሽም። ይህችን ለራሴ መሥራት አቃተኝ። ያልቆረጥኩት ሎተሪ! ስሜን እንኳ የማያውቅ፣ ውድ አሸናፊ የሚለኝ ሰው! ቀኑ አለፈ፣ አለፈ እያለ ሲያጣድፈኝ... የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔማ መልቀሙም ቀረብኝ። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ...»

መሀረብ የለኝም፣ ፎጣ ሰጠኋቸው።

እቴቴ እጇን እየጠረገች መጣች። «ሚጡ፣ አንቺ ክፍያውን ከየት ልታመጪ ነበር?»

ይኼ ነው የገደለኝ። ፖስታውን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። በጣቷ ዳበሰችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ኪስሽን ስትደባብሺ እሰማለሁ። የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አለችና ወደ መታጠቢያዋ ተመለሰች።

የልብስ ሰፊዋን ቀለም ረስቼው ብርቱካን ሆኖ ወጣ። ገንዘብ አልተቀበልኳትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እቴቴ ቁርስ ላይ አላናገረችኝም። ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ግን ወደ እኔ ገፋችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከቲቸር ጋር ባንክ፣ ከባንክ ፖሊስ ጣቢያ። የሄደው ገንዘብ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ አሉን፤ ቢሆንም መዘገቡት። እኔም መታወቂያዬን መላኬን አስመዘገብኩ፣ በስሜ ሌላ ጉድ እንዳይሠራበት። ፖሊሱ ቀና ብሎ አየንና፣ «በዚህ ሳምንት አራተኛና አምስተኛ ሚሊየነሮቼ ናችሁ» አለ። ቲቸር ሳቁ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

የሎተሪው ሰውዬ አሁንም ይጽፋል። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ»፣ «በጣም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ»... የስድብ መዓት አዘጋጅቼ ነበር። ቲቸር ከለከሉኝ። «ብትሰድቢውም መልስ ነው። ሰው መኖሩን ካወቀ አይለቅሽም።» ሳልመልስ ብሎክ አደረግሁት። ያ ሁሉ ስድብ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እቴቴ ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ አንስታዋለች። የት እንዳደረገችው አልጠየቅሁም። ምን አፍ አለኝ? ግን አሳመመኝ። አርባ ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ኖረን፣ ከእኔ የሸሸገችው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዳቦ ሻጯ ስልኳን አንገቷ ሥር ሸጉጣ መጣች። ዕጣ ወጣልኝ አለች፣ በሹክሹክታ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቲቸር ከካስክ ሥር ወጡ።

«ቆርጠሻል?»

«ኧረ አልቆረጥኩም።»

«እንግዲያው አልወጣልሽም። ተቀመጪ።»

ከዚያ የራሳቸውን ነገሯት፣ ሁለቱንም ክፍያ፣ ሳሎኑ ሙሉ ሰው እየሰማ። ድምፃቸው አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «አፍሬ ዝም ብል፣ ነገ እሷ ትከፍላለች» አሉኝ በኋላ ቢጉዲውን ስፈታላቸው። በቁንጥጫቸው ካስተማሩኝ ሁሉ ይኼ በለጠብኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት እቴቴ ቆርቆሮውን አመጣች። ከየት እንዳወጣችው እንጃ። ልብሷን ለብሳ፣ መነጽሯን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና እቅፌ ውስጥ አኖረችው።

«አንቺ ያዢው። እኔ አላይም።»

«ቆጥረሽዋል?»

«ምን ያስቆጥረኛል?»

ሆስፒታል እስክንደርስ በሁለት እጄ አቅፌው ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ቦታ ለቆልኝ ነበር፤ ሕፃን የያዝኩ መስሎት ይሆናል። ከፈልኩ። ደረሰኙን ስታጥፈው አየኋት፣ በእጇ እያሻሸች፣ ሳታነበው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከትናንቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዛሬ የዓይኗን ፋሻ ፈቱላት። መጀመሪያ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ የሐኪሟን ጋወን፣ ከዚያ እኔን። ብዙ ቆየች እኔ ላይ። ፈራሁ። አላየችም ይሆን እንዴ ብዬ ጎንበስ አልኩላት።

«ሚጡ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ሽበት መቼ አበቀልሽው?»

«አንቺ ሳታዪኝ» አልኳት።

ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን። ሐኪሟ፣ ዛሬ የተፈታ ዓይን አይለቀስበትም ብላ ተቆጣችን።